ልጅ በዕድሉ ያድጋልን? የቤተ ሰብ ምግብ አገልጋዮች ታሪክ

«ልጅ በዕድሉ ያድጋል» የሚለውን አነጋገር በአገራችን የማያውቅ ሰው የለም። ብዙ ልጅ ወልዶ ጎተራው የጎደለበት አባት ልቡን ያጽናናበታል፤ ጎረቤትም የተጨነቀችውን እናት ያበረታታበታል። አነጋገሩ ተስፋን ለመስጠት የተነገረ እንጂ ስንፍናን ለማስተማር የተነገረ አይደለምና አባቶቻችንን የምንነቅፍበት ምክንያት የለንም። ሆኖም የሕፃናትን ታሪክ ለሚመረምር ሰው ዕድል ብቻውን ያሳደገው ልጅ እጅግ ጥቂት ነው። ያደገው ልጅ ሁሉ ያጎረሰው እጅ፣ ሲከሳም «ይህ ልጅ ከስቷል» ብሎ የተናገረለት የሰው ዐይን ነበረው። በዚህ ጽሑፍ የምንመለከተው ይህንኑ እጅና ዐይን ነው። መንግሥት ለእናቶችና ለሕፃናት የምግብ ርዳታና ምክር ለማድረስ ባሰበ ጊዜ ሥራውን በትከሻቸው የተሸከሙት ሠራተኞች እነማን እንደ ነበሩ፣ እንዴት እንደ ሠለጠኑና ዛሬ ምን እንደሚያስፈልጋቸው በአጭሩ ልናስረዳ እንሞክራለን።

ነገራችንን ከአንድ ስፍራ እንጀምር። ከአዲስ አበባ ወደ ጂማ የሚሄደው መንገድ ወልቂጤን አልፎ ወደ ግቤ ሸለቆ ይወርዳል፤ ወንዙን ተሻግሮ ዳገቱን ሲወጣም መንገደኛው ወደ ሰኮሩ አገር ይደርሳል። ሰኮሩ የጂማ በር ናት ቢባል ማጋነን አይሆንም። ከዚያ ወዲያ ደኔባን፣ አሰንዳቦንና ሰርቦን አልፎ መንገዱ ጂማ ይገባል፤ ከጂማም ወዲያ ሊሙ፣ ጎማና ጌራ የተባሉት ስመ ጥር የቡና አገሮች ይገኛሉ። በዚህ ምድር በቆሎው፣ ጤፉ፣ ማሽላውና እንሰቱ ይበቅላል፤ ዝናቡም ከብዙ የአገራችን ክፍል ይልቅ የታመነ ነው። መንገደኛ ይህን ልምላሜ በመኪና መስኮት እየተመለከተ ሲያልፍ በዚህ አገር ምግብ አጥቶ የሚከሳ ሕፃን ይኖራል ብሎ ለማሰብ ይቸገራል።

ነገር ግን ረኃብ አንድ ዓይነት ብቻ አይደለም። አንደኛው ምድር ደርቆ፣ ከብት አልቆ፣ ሰው አገሩን ጥሎ ሲሰደድ የሚታየው ነው፤ ይህንን ዓለም ሁሉ ያውቀዋል። ሁለተኛው በለመለመ አገር፣ ጢስ በሚጤስበት ቤት ውስጥ ተደብቆ የሚኖር ረኃብ ነው፤ ስለዚህም አንዳንዶች «አረንጓዴ ረኃብ» ብለው ይጠሩታል። ሕፃኑ ከበቆሎ ገንፎ በቀር ሌላ ነገር አይቀምስም። ዕንቁላሉና ቅቤው ለገበያ ይወጣል። ቡናው ሲደርስ እናቲቱ ከለቀማ ላይ ትውላለች፤ ሕፃኑንም የምትይዘው ከእርሱ ጥቂት የምትበልጥ እኅቱ ናት። የቡናው ገንዘብ እጅ በገባ ጊዜ ለዕዳ፣ ለልብስና ለቤት ክዳን ይውላል። ክረምቱ በገባ ጊዜ ጎተራው ይጎድላል፣ ወባውና ተቅማጡ ግን ይበረታል። ከዚህ ሁሉ የተነሣ ልጁ አይሞትም ይሆናል፤ ነገር ግን ቁመቱ ይቀራል፣ አእምሮውም ሊያገኝ የሚገባውን ያህል ሳያገኝ ያልፋል።

የዚህን ሕመም አንዱን መልክ ለዓለም ሐኪሞች ያስተዋወቁት ሲስሊ ዊልያምስ የተባሉ ሴት ሐኪም ናቸው። እኒህ ሐኪም ያን ጊዜ ጎልድ ኮስት በምትባለው በዛሬይቱ ጋና ሲሠሩ፣ ሁለተኛ ልጅ በተወለደ ጊዜ ከጡት የተፈናቀለው ታላቁ ልጅ እግሩ እያበጠ፣ ቆዳው እየተላጠ፣ ጠጉሩም እየቀላ ሲሞት ተመለከቱ። የአገሩን እናቶች ጠይቀው በጋ ቋንቋ የሚጠሩበትን ስም ተማሩ፤ እ.ኤ.አ. በ1935 ዓ.ም. ባወጡትም ጽሑፍ «ክዋሺዮርኮር» ብለው በዚያው ስም ጠሩት። ከዚህ ታሪክ ለዛሬው ጉዳያችን የሚጠቅም አንድ ቁም ነገር እናገኛለን። የዚህ ሕመም እብጠት ያልሠለጠነ ዐይንን ያታልላል። ፊቱና እግሩ ያበጠውን ሕፃን ያየ ሰው «እንዴት ፋፍቷል!» ሊል ይችላል። የሠለጠነ ሠራተኛ ግን የልጁን ሁለት እግሮች በአውራ ጣቱ ለጥቂት ሰከንዶች ይጫናል፤ ጣቱን ባነሣም ጊዜ የተጫነው ስፍራ ጎድጉዶ ከቀረ ልጁ በብርቱ እንደ ታመመ ያውቃል። በሁለቱ ሰዎች መካከል ያለው ልዩነት ትምህርት ነው፤ ልዩነቱም የአንድ ሕፃን ነፍስ ያህል ነው።

ምግብን ከምክርና ከምርመራ ጋር አንድ አድርጎ ለእናቶች ማድረስ በሌላውም ዓለም ከብዙ ጊዜ ጀምሮ የተሞከረ ነው። በፈረንሳይ አገር ፌካም በተባለች ከተማ ሊዮን ዱፉር የተባሉ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1894 ዓ.ም. «የወተት ጠብታ» የተባለ ቤት ከፈቱ። በዚያ ቤት ንጹሕ ወተት ይታደል ነበር፤ ሕፃኑም እየተመዘነ እድገቱ ይመረመር ነበር። በአሜሪካም መንግሥት ለነፍሰ ጡሮች፣ ለአጥቢዎችና ለትናንሽ ሕፃናት የሚሆን የምግብ ርዳታ እ.ኤ.አ. በ1972 ዓ.ም. በሕግ አቆመ፤ የመጀመሪያውም የዕደላ ስፍራ በኬንታኪ ግዛት በ1974 ዓ.ም. ተከፈተ። በዚህም ሥራ ምግቡ የሚሰጠው እናቲቱና ልጁ ዕውቀት ባለው ሠራተኛ ከተመረመሩ በኋላ ነው፤ ከምግቡም ጋር ስለ አመጋገብ ትምህርት ይሰጣል። ከ2004 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ ራሳቸው ልጆቻቸውን ያጠቡ እናቶች ሠልጥነው ለመሰሎቻቸው ስለ ጡት ማጥባት እንዲመክሩ መንግሥቱ በጀት መድቦላቸዋል። ባለጸጋ አገር እንኳ ምግቡን ያለ ሠራተኛ ማደል እንደማይበቃ ከተረዳ፣ በጀቱ ጠባብ የሆነ አገር ይህንን አብልጦ ሊረዳው ይገባል።

አሁን ወደ አገራችን እንመለስ። በኢትዮጵያ የሕዝብ ጤና ጥበቃ ሚኒስቴር ራሱን ችሎ የቆመው በ1940 ዓ.ም. ነው። በዚያን ጊዜ ኢትዮጵያዊ ሐኪም በጣት የሚቈጠር ነበር፤ በገጠር የሚኖረው ሕዝብ ግን ሐኪም ሳያይ ይወለድና ይሞት ነበር። በጎንደር አካባቢ በደንቢያ ሜዳ እ.ኤ.አ. በ1953 ዓ.ም. ወባ ተነሥቶ ወደ 7,000 የሚገመት ሕዝብ ከጨረሰ በኋላ፣ ሐኪሞች እስኪበዙ መጠበቅ እንደማይቻል ግልጽ ሆነ። ስለዚህ በ1947 ዓ.ም. የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅና ማሠልጠኛ ተከፈተ። ለሥራውም የዓለም ጤና ድርጅት፣ የተባበሩት መንግሥታት የሕፃናት መርጃ ድርጅትና የአሜሪካ መንግሥት ከኢትዮጵያ መንግሥት ጋር ተባበሩ።

የጎንደር ሐሳብ በጊዜው እጅግ አዲስ ነበር። ትምህርት ቤቱ ያሠለጥን የነበረው ጤና መኮንንን፣ የኅብረተሰብ ነርስንና ሳኒቴሪያንን ነበር። እነዚህ ሦስቱ ገና ተማሪዎች ሳሉ በአንድነት ወደ ጤና ጣቢያ እየተላኩ አብረው መሥራትን ይለማመዱ ነበር። ጤና መኮንኑ በሽተኛውን ያያል፣ ነርሲቱ እናቶችንና ሕፃናትን ትከታተላለች፣ ሳኒቴሪያኑም ምንጩንና መጸዳጃውን ይመለከታል። የሕፃን መክሳት ከምግብ ብቻ፣ ከበሽታ ብቻ ወይም ከውሃ ብቻ የሚመጣ ስላይደለ፣ ሦስቱ ዕውቀቶች በአንድ ቤት ደጃፍ መገናኘታቸው ታላቅ ጥበብ ነበር። ጉድለቱ የቍጥራቸው ማነስ ነበር። አንድ ጤና ጣቢያ እስከ 50,000 ሕዝብ እንዲያገለግል ይታሰብ ስለ ነበር፣ ነርሲቱ ወደ እያንዳንዱ ቤት እንድትደርስ መጠበቅ የማይቻል ነገር ነበር።

በ1951 ዓ.ም. መጀመሪያ ከአሜሪካ የመጣ የባለሙያዎች ቡድን ከኢትዮጵያውያን ጋር ሆኖ የሕዝቡን አመጋገብ በልዩ ልዩ ክፍላተ ሀገር መረመረ። ከጥቂት ዓመታት በኋላም እ.ኤ.አ. በ1962 ዓ.ም. በስዊድን መንግሥት ርዳታ የሕፃናት ምግብ ጥናት ክፍል በአዲስ አበባ ተቋቋመ፤ ይኸው ክፍል በ1968 ዓ.ም. አድጎ የኢትዮጵያ ሥነ ምግብ ኢንስቲትዩት ተባለ። በዚያው ዓመት ኦግሬንና ጊብሰን የተባሉ ሁለት ባለሙያዎች የአገራችንን እህልና አትክልት ንጥረ ነገር መርምረው ያዘጋጁት ሠንጠረዥ ታተመ። እንጀራችን፣ ሽሯችንና ቆጯችን ምን ምን እንደያዙ በቍጥር ለማወቅ የቻልነው ከዚህ ዓይነቱ ድካም የተነሣ ነው።

የኢንስቲትዩቱ ስመ ጥር ፍሬ ግን «ፋፋ» ነበር። ፋፋ ከስንዴ፣ ከሽምብራ፣ ከአኩሪ አተርና ከወተት ዱቄት ተቀላቅሎ፣ ቪታሚንና ማዕድን ተጨምሮበት ለሕፃናት የተዘጋጀ ዱቄት ነው። ስሙ ከአማርኛው ግስ የተወሰደ ስለ ሆነ ለእናቶች አፍ የቀለለ ሆነ፤ ሥራውም በኢትዮጵያ ምድር የተፈጠረ በመሆኑ እስከ ዛሬ ያኮራናል። ሆኖም ፋፋ የታሰበለት የገጠሩ ድኻ ሕፃን ሲሆን፣ ገዝቶ የተመገበው አብዛኛውን ጊዜ የከተማው ሰው ነበር፤ በኋላም በድርቅ ዘመን የርዳታ ድርጅቶች እየገዙ ያድሉት ነበር። ጉድለቱ የዱቄቱ አልነበረም። በገጠሩ መንደር ዱቄቱን የሚያደርስ፣ እንዴት እንደሚበስል የሚያሳይ፣ ዱቄቱ ባለቀ ጊዜም ሽሮንና አትክልትን ከገንፎው ጋር ማዋሐድን የሚያስተምር የቅርብ ሠራተኛ አልነበረም።

ከዚያ በኋላ የመጣውን ዘመን ማንም አይረሳውም። በ1966 ዓ.ም. የወሎ ረኃብ፣ በ1977 ዓ.ም. ደግሞ ከእርሱ የባሰው ረኃብ አገሪቱን አናወጣት። በእነዚያ ዓመታት ሕፃናት የሚታከሙት በምግብ መስጫ ካምፖች ነበር። እናት የታመመውን ልጅ አዝላ ሩቅ መንገድ ትሄዳለች፤ በካምፑም ለሳምንታት ትቀመጣለች፤ በቤት የቀሩት ልጆቿ ጠባቂ ያጣሉ። ብዙ ሰው በአንድ ስፍራ ሲታፈግም ኵፍኝና ተቅማጥ ይዛመታል። ወተቱን ሌሊትና ቀን በየሰዓቱ የሚያጠጡ ነርሶችና ረዳቶች ያስፈልጋሉ፤ እነርሱም ከሩቅ አገር ይመጣሉ፤ አደጋው ባለፈ ጊዜ ድንኳኑ ይነቀላል፣ ሠራተኛውም ወደ መጣበት ይመለሳል። በብዙ ድካም የዳነችውም ሕፃን ማንም ወደማይጠይቃት መንደር ትመለሳለች። እነዚያ ሠራተኞች ያዳኑትን ነፍስ አንዘነጋም፤ የምንናገረው በስፍራው የሚቀር ሠራተኛ ሳይፈጠር ስለ መቅረቱ ነው።

ይህ አሠራር የተለወጠው በከፊል በአገራችን በተደረገ ሙከራ ነው። በ1992 ዓ.ም. ድርቅ በበረታ ጊዜ፣ በሐድያ በበደዋቾ ወረዳ፣ በጽኑ የከሱ ሕፃናት ካምፕ ሳይገቡ በቤታቸው ሆነው እንዲታከሙ ተሞከረ፤ ውጤቱም መልካም ስለ ሆነ በዓለም የሕክምና መጽሔት ወጣ። ይህንን የሚቻል ያደረገው እ.ኤ.አ. በ1996 ዓ.ም. በፈረንሳይ የተሠራው የለውዝ ቅቤ መሰል መድኃኒታዊ ምግብ ነው። አንዱ ከረጢት 92 ግራም ሲመዝን 500 ካሎሪ ያህል ይሰጣል፤ ውሃ ስለማይጨመርበት አይበላሽም፤ ማብሰልም አያስፈልገውም። ይህ ምግብ ዛሬ በኢትዮጵያም ይሠራል። ነገር ግን ምግቡ ቢገኝ ሕፃኑን ከየቤቱ ፈልጎ የሚያገኝ፣ በየሳምንቱ የሚያየው፣ የሚብሰውንም ወደ ሆስፒታል የሚልክ ሠራተኛ ከየት ይምጣ የሚለው ጥያቄ ገና አልተመለሰም ነበር።

መልሱ የመጣው በ1995 ዓ.ም. በተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም ነው። በዚህ ፕሮግራም አሥረኛ ክፍልን የጨረሱ ወጣት ሴቶች ከዚያው ከአካባቢያቸው ተመርጠው፣ ለአንድ ዓመት ሠልጥነው፣ በየቀበሌው ሁለት ሁለት ሆነው ተመደቡ። የመጀመሪያዎቹ በ1997 ዓ.ም. ሥራ ጀመሩ፤ በጥቂት ዓመታት ውስጥም ቍጥራቸው ከ30,000 በላይ ሆነ። ሥራቸው በመጀመሪያ በ16 ክፍሎች የተከፈለ ሲሆን አንደኛው ሥነ ምግብ ነበር። ከቀድሞዎቹ በጎ ፈቃደኛ የጤና ወኪሎች የሚለዩበት ዋናው ነገር የመንግሥት ሠራተኞች መሆናቸውና ደመወዝ ማግኘታቸው ነው። ይህ ቀላል ነገር አይደለም፤ ደመወዝ የተቈረጠለት ሥራ መንግሥት የሚጠየቅበት ሥራ ነውና።

በ2000 ዓ.ም. በኦሮሚያና በደቡብ ድርቅ በደረሰ ጊዜ የእነዚህ ሴቶች ጥቅም ታየ። የጤና ጥበቃ ሚኒስቴር በጽኑ የከሱትን ሕፃናት ማከም ከሆስፒታልና ከጤና ጣቢያ ወርዶ በጤና ኬላ እንዲሠራ ወሰነ። ሐኪምና ነርስ ብቻ ይሠሩት የነበረውን ሕክምና አንዲት የመንደር ልጅ በቀበሌዋ ጤና ኬላ ትሠራው ጀመር። በዚያው ዓመት ብሔራዊ የሥነ ምግብ ስትራቴጂ ወጣ፤ በሐምሌ ወር 2007 ዓ.ም. ደግሞ መንግሥት በሰቆጣ ቃል ኪዳን እ.ኤ.አ. እስከ 2030 ዓ.ም. ድረስ ከሁለት ዓመት በታች ያሉ ሕፃናትን መቀንጨር ለማጥፋት ቃል ገባ።

ጂማና አካባቢዋም በዚህ ታሪክ ውስጥ የራሳቸው ድርሻ አላቸው። በጂማ ከተማ በኢጣልያ ወረራ ዘመን ለወራሪው ወታደሮች ተብሎ የተሠራው ሆስፒታል ከነጻነት በኋላ የአገሬው ሕዝብ መታከሚያ ሆነ። እ.ኤ.አ. በ1983 ዓ.ም. በከተማይቱ የተቋቋመው የጤና ሳይንስ ኢንስቲትዩት ተማሪውን ከክፍል አውጥቶ በኅብረተሰቡ መካከል የሚያስተምርበትን ሥርዐት ከመጀመሪያው የሙጥኝ ብሎ ያዘ፤ በ1992 ዓ.ም. ከእርሻ ኮሌጁ ጋር ተዋሕዶ የጂማ ዩኒቨርሲቲ ሲሆንም ይህንኑ ልማድ ይዞ ቀጠለ። የግልገል ግቤ ግድብ ከተፈጸመ በኋላም ዩኒቨርሲቲው በሐይቁ ዙሪያ የመስክ ጥናት ማዕከል አቋቋመ። ማዕከሉ የሚያጠናቸው ቀበሌዎች ከሰኮሩ፣ ከኦሞ ናዳ፣ ከጢሮ አፈታና ከቀርሳ ወረዳዎች የተውጣጡ ናቸው። መረጃ ሰብሳቢዎች ቤት ለቤት እየዞሩ የተወለደውንና የሞተውን ይመዘግባሉ። ስለዚህ የሰኮሩ ሕፃን ልደቱና ሞቱ ከመንደሩ አልፎ በአገር መዝገብ የሚታወቅበት ዘመን ደርሷል።

አሁን አንዲት የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ በሥነ ምግብ ረገድ ብቻ ምን እንደምትሠራ እንመልከት። በመጀመሪያ የሕፃኑን የግራ ክንድ በቴፕ ትለካለች፤ ከ11.5 ሳንቲ ሜትር በታች ከሆነ ልጁ በጽኑ ተጎድቷል፤ ከ11.5 እስከ 12.5 ከሆነ በመካከለኛ ደረጃ ተጎድቷል። ቀጥላ እግሩን ተጭና እብጠት መኖር አለመኖሩን ታያለች። መድኃኒታዊውን ምግብ በፊቷ አስቀምሳ የምግብ ፍላጎቱን ትፈትናለች፤ የማይበላ ከሆነ ወይም ሌላ ጽኑ ሕመም ካለበት ወደ ጤና ጣቢያ ወይም ወደ ሆስፒታል ትልከዋለች፤ የሚበላ ከሆነ በየሳምንቱ እየመዘነች ታክመዋለች። ቫይታሚን ኤ በየስድስት ወሩ ትሰጣለች። ለነፍሰ ጡሮች የብረት ማዕድን እንክብል ታድላለች። ሕፃን እስከ ስድስት ወር የእናት ጡት ብቻ እንዲጠባ፣ ከዚያም ጡቱ ሳይቋረጥ ተጨማሪ ምግብ እንዲጀምር ትመክራለች። ይህን ሁሉ የምታደርገው ክትባቱ፣ ወባው፣ የቤተ ሰብ ምጣኔው፣ መጸዳጃ ቤቱና ሪፖርቱ ሳይቀሩላት ነው። በሰኮሩና በመሰሎቿ ደግሞ ቤቶቹ ተራርቀው በየኰረብታው የተበታተኑ ስለ ሆኑ፣ በክረምት ጭቃውና ወንዙ ከሥራው ይልቅ መንገዱን ያከብዱታል።

ድካሙ ፍሬ አላፈራም አንልም። ከአምስት ዓመት በታች ከሆኑት የኢትዮጵያ ሕፃናት መካከል ለዕድሜያቸው ቁመታቸው የቀነጨረው በ1992 ዓ.ም. ከመቶ 58 ነበሩ፤ በ2008 ዓ.ም. ከመቶ 38 ሆኑ። ይህ ለውጥ የመጣው በአንድ ምክንያት ብቻ አይደለም፤ እርሻው፣ መንገዱ፣ የሴቶች ትምህርትና ሌላውም ረድቶታል። ሆኖም ምክሩንና ሕክምናውን እስከ ቤት ደጃፍ ያደረሱት እነዚህ ሴቶች መሆናቸውን መካድ አይቻልም። ነገር ግን በ2011 ዓ.ም. በተደረገው ጥናት ቍጥሩ ከመቶ 37 ነበር። በሦስት ዓመት ውስጥ ከመቶ አንድ ብቻ መቀነሱ ሥራው እየከበደ መሄዱን ያስረዳል። ስለዚህ ሠራተኛውን ማጠንከር ነገ የሚታሰብ ነገር አይደለም።

ታዲያ ማጠንከር ማለት ምን ማለት ነው? ከታሪኩ አራት ነገሮችን እንማራለን። አንደኛው የሸክም ነገር ነው። በየዓመቱ አዲስ ሥራ እየተጨመረ አሮጌው ካልተቀነሰ፣ የሚቀረው ሥራ ወዲያው የማይታየው ነው፤ የእናት ምክር ደግሞ ወዲያው ከማይታዩት ዋነኛው ነው። ክትባት ቢቀር በሪፖርት ይታያል፤ ከአንዲት እናት ጋር ተቀምጦ ስለ ገንፎ መነጋገር ቢቀር ግን ማንም አይጠይቅም። ሁለተኛው የዕውቀት ነገር ነው። ለ16 ክፍሎች የተደለደለው የአንድ ዓመት ትምህርት ለሥነ ምግብ የሚተርፈው ጥቂት ነበር፤ ስለዚህ ብዙዎቹ ሠራተኞች ወደ ከፍተኛው ደረጃ እንዲማሩ የተደረገው ሊመሰገንና ሊቀጥል የሚገባው ነው። ጎንደር ያስተማረን ሌላም ነገር አለ፤ ሠራተኞች አብረው ሲማሩ አብረው ይሠራሉ። የጤና ሠራተኛዋና የእርሻ ልማት ሠራተኛው በአንድነት ሠልጥነው ስለ አንድ ቤተ ሰብ ጓሮ ቢመክሩ፣ እርሷ ስለ ጎመንና ስለ ዕንቁላል የምትናገረው በእርሱ እርሻ ላይ ሊታይ ይችላል።

ሦስተኛው የቅርብ ክትትል ነገር ነው። ተቈጣጣሪ ማለት መዝገብ ገልጦ ስሕተት የሚፈልግ ብቻ መሆን የለበትም። አብሯት ቤት ለቤት የሚሄድ፣ ቴፑን በክንዱ ላይ እንዴት እንደምትይዝ የሚያይ፣ በምክሯ ፈንታ ትእዛዝ ስትሰጥ በእርጋታ የሚያርም መሆን አለበት። አራተኛው የኑሮ ነገር ነው። ከቤቷ ርቃ የምትሠራ ሴት ማደሪያ፣ መጓጓዣ፣ በወቅቱ የሚከፈል ደመወዝና በአገልግሎቷ የሚያድግ ማዕረግ ያስፈልጋታል። ዓመታት የፈጀባትን ልምድ ይዛ ሥራውን ትታ የሄደች እንደ ሆነ፣ ቀበሌው የሚያጣው አንዲት ሠራተኛ ብቻ ሳይሆን የእያንዳንዱን ቤት ታሪክ የምታውቅ መዝገብ ነው። በአንጻሩም ከጎረቤቶቻቸው ጋር በአንድ ለአምስት ተደራጅተው ያለ ደመወዝ የሚያገለግሉት የሴቶች ልማት ቡድን አባሎች ምስጋናና ሥልጠና እንጂ የደመወዝተኛ ሥራ ሊጫንባቸው አይገባም። አሜሪካኖች ለእናት መካሪዋ እናት በጀት የመደቡላት በጎ ፈቃድም ልክ እንዳለው ስለ ተረዱ ይመስለናል።

አንዳንድ ሰው «ለሠራተኛ የሚወጣው ገንዘብ እህል ቢገዛበት አይሻልምን?» ብሎ ሊጠይቅ ይችላል። ጥያቄው ከቅን ልብ የመጣ ስለ ሆነ በትሕትና ልንመልስለት ይገባል። ድርቅ በደረሰ ጊዜ እህል ነፍስ ያድናል፤ ከእርሱ የሚቀድም የለም። ነገር ግን እህሉ ለማን እንደሚገባ የሚለይ ሰው ከሌለ፣ የታደለው ዱቄት ለቤተ ሰቡ ሁሉ ተዳርሶ ለታመመው ልጅ ጥቂት ብቻ ይደርሰዋል፤ ያበጠውም ልጅ ፋፋ ተብሎ ከመዝገብ ይቀራል። እህል በየጊዜው ያልቃል፤ እናት ልብ ውስጥ የገባ ዕውቀት ግን ለቀጣዩ ልጅና ለጎረቤት ልጅም ይተርፋል። ስለዚህ እህሉና ሠራተኛው የሚፎካከሩ ሳይሆኑ እንደ ሞፈርና ቀንበር አንዱ ያለ ሌላው የማያርሱ ናቸው።

በመጨረሻ ለዚህ መጽሔት አንባብያን ጥቂት ቃል እንናገራለን። በመሥሪያ ቤት ያላችሁ ወንድሞችና እኅቶች፣ በጀት በምትደለድሉበት ጊዜ ከምግቡ ዋጋ ጐን የሠራተኛዋ ሥልጠናና መጓጓዣ መጻፉን ተመልከቱ። መምህራን ሆይ፣ ከክፍላችሁ ውስጥ ነገ የቀበሌዋን ሕፃናት የምትመዝን ልጅ ተቀምጣለችና ክብደትንና ቁመትን በሠንጠረዥ ማንበብን ከሒሳብ ትምህርት ጋር አስተምሯት። ተማሪዎችም ለዕረፍት ወደ መንደራችሁ ስትመለሱ ወደ ጤና ኬላው ጐራ ብላችሁ ሥራውን እዩ፤ ብትችሉም አግዙ።

ከግቤ ማዶ ያለው የሰኮሩ ምድር እንደ ወትሮው ይለመልማል። በዚያ ልምላሜ መካከል ሁለተኛ ልጅ ስለ ተወለደ ከጡት የተፈናቀለ ሕፃን አለ፤ በሩን አንኳኩታ «ልጁን እስቲ አሳዪኝ» የምትል፣ የእናቲቱንም ቋንቋ የምትናገር ሴት ትጠበቃለች። አባቶቻችን ልጅ በዕድሉ ያድጋል ብለዋል፤ እኛም አነጋገራቸውን አናፈርስም። ለዚያ ሕፃን ግን ዕድሉ ይህችው ሴት ናትና፣ እርሷን ማጠንከር የእኛ ፈንታ ነው።